በየገጹ አናት ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ

ጡረታ የወጣሁት በሰኔ ነው፤ ባሌ ሰይድ የሞተው በነሐሴ። ሁለታችንም ቤት ውለን አብረን የተቀመጥነው አንድ ክረምት እንኳ አይሞላም። ያንኑ ክረምት ግማሹን በሚያፈሰው ጣሪያ ስንጨቃጨቅ አሳለፍነው። ስለዚህ አሁን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ፤ «ይሄ ልክ ነው?» ብዬ ልጠይቀው ዞር እላለሁ፤ ከዚያ ብዕሩን አስቀምጬ የሚታጠብ ዕቃ እፈልጋለሁ።

ለማዘን ብዬ አይደለም የምጽፈው። ለእሱ ወረቀት አያስፈልገኝም። የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሰይድ «ሰርቨሩን የጣለው ሰውዬ» ተብሎ ኖሮ ሞተ። ሰርቨሩ በምን እንደወደቀ ግን ሥራዬ ነበርና አውቀዋለሁ። ይህን ለማስረዳት ሥራው ምን እንደነበር ከመጀመሪያው መናገር አለብኝ፤ ዘመዶቼ ሁሉ «ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች» ከማለት አልፈው ገብቷቸው አያውቅምና።

ደርግ በወደቀ ማግስት አይከል ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። የጎንደር አዲስ ዓለም ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሴት ልጁ ለመንግሥት ደብዳቤ ስትመታ መዋሏ ብዙም አልጣመውም። ደመወዙን ሲሰማ ደግሞ ሳቀ። ከአይከል ወደ ትክል ድንጋይ ተዛወርኩ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ለረጅም ጊዜ «ተጠባባቂ» ሆኖ ቆይቶ ሹመቱ ጸደቀለት። በማግስቱ ጠርቶ፣ ተመትተው ያልተላኩትን ደብዳቤዎች ሁሉ «ተጠባባቂ» የምትለውን አውጥቼ እንደገና እንድመታ አዘዘኝ። «በብዕር ብሰርዛትስ?» ብለው፣ «ስሜ ላይ ጭረት?» አለኝ። ሳምንት ሙሉ መታሁ። አለቆች ሁሉ በወረቀት አናት ላይ ስማቸውን ማየት እንደሚወዱ ያን ጊዜ ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ፍቅሩ አልተለወጠም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ጎንደር ከተማ ወደሚገኝ አንድ ኮሌጅ ተዛወርኩ። ዘመኑ ሁሉም መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ይኑረው የተባለበት ነበር። ሥልጠና ወስጄ የገጹ ሠራተኛ ሆንኩ። ምን ያህል ደስ ብሎኝ እንደነበር! ደስታዬ የቆየው ዲኑ እስኪቀየር ነው። አዲሱ ዲን ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በየገጹ አናት ላይ እንዲወጣ ፈለጉ። ገጹ ብዙ ነው፤ የትምህርት ክፍሉ፣ የቤተ መጻሕፍቱ፣ የደንቡ፣ የማስታወቂያው። አንድ በአንድ እየከፈትኩ የድሮውን አወጣለሁ፣ አዲሱን እለጥፋለሁ። አንዱን ስረሳው ደግሞ የቀድሞው ዲን ከቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ላይ ሆነው ፈገግ ይላሉ። ስብሰባ ላይ «ይሄ ሆን ተብሎ ነው ወይ?» ተባልኩ።

ከሰይድ ጋር የተዋወቅነው በዚያ ሰሞን ነው። ሰርቨሩ፣ ማለት ገጾቹን ሁሉ ይዞ ለጠያቂ የሚልከው ማሽን፣ ያለበትን ክፍል የሚጠብቅ እሱ ነበር። ያኔ ገና ባሌ አይደለም፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኪሱ ውስጥ የቀለም ብሩሽ የማያጣ ሰው ነው። በብሩሹ የማሽኖቹን አቧራ ያራግፋል። ከጀርባዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣

«እህት ዘይነባ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለኝ።

«የዲኑን ፎቶ እለጥፋለሁ።»

«ትናንትም ስትለጥፊ ነበር።»

«ነገም እለጥፋለሁ! ምነው፣ ልትረዳኝ ነው ወይስ ልትስቅብኝ?»

«መጀመሪያ እስቃለሁ፤ ከዚያ እረዳሻለሁ» አለ። እንዳለውም አደረገ።

ያሳየኝ ነገር ቀላል ነበር። አናቱን፣ ማለት የኮሌጁን ስምና የዲኑን ፎቶ፣ «ራስጌ» ብሎ በሰየመው አንድ ፋይል ውስጥ ለብቻው አስቀመጠ። ከዚያ በየገጹ መጀመሪያ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ጻፈ። መስመሯ «ራስጌውን ጥራ» ማለት ናት። ሰው ገጹን ሲጠይቅ ሰርቨሩ መስመሯን ያያል፤ ራስጌውን ከፋይሉ ያመጣል፤ በቦታው ይለጥፍና ሙሉ ገጽ አድርጎ ይልከዋል። ጠያቂው ስፌቱን አያይም። እኔና ሰይድ ያቺን መስመር «ጥሪ» እንላት ነበር። ከዚያ በኋላ ዲን ሲቀየር አንድ ፋይል እለውጣለሁ፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ በየገጹ አዲሱ ዲን ፈገግ ይላሉ።

በጥሪ ፍቅር ያዘኝ። ጀማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው አበዛሁት። ለማስታወቂያው ስክሪፕት ጻፍኩ። ስክሪፕት ማለት በተጠራ ቁጥር የሚሠራ ትእዛዝ ነው፤ ዳታቤዙን፣ ማለት የመረጃ ቋቱን፣ ይከፍታል፣ የቅርቦቹን ማስታወቂያዎች ይፈልጋል፣ አቀናብሮ ይሰጣል። እሱንም በየገጹ ጠራሁት። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ሰይድ አየው። ቅዳሜ ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ ኢንተርኔት ቤት ይዞኝ ሄደ። ይህ ልማዱ ነበር፤ የራሳችንን ገጽ ከቢሮ አይፈትሽም፤ ከኪሱ ከፍሎ፣ መስመሩ ቀርፋፋ በሆነበት፣ ከተማሪ ጋር ተጋፍቶ ነው የሚከፍተው። አይከል ለሥራ ሲላክም መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የእኔን ገጽ ከፈተ። ጠበቅን። አጠገባችን የነበረች ልጅ ኢሜሏን አንብባ፣ ጽፋ፣ ልካ ሄደች። እኛ ገና ነጭ ገጽ እያየን ነው።

«አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር» አለኝ ሰይድ። «ሙሽራ ሱሪ ሊያሰፋ ሲመጣ ሜትሩን ያወጣል፣ ይለካዋል። የተማሪ ዩኒፎርም ግን ጠዋት ቆርጦ ይደረድራል፤ ልጅ ሲመጣ አንስቶ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሜትር ቢያወጣ ልጆቹ ራቁታቸውን ትምህርት ቤት በገቡ ነበር።»

«እና እኔ ለሁሉም ሜትር አወጣሁ?»

«ለሚያልፈውም ለሚያገድመውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ገጹ ላይ ሳልጨምር በፊት ሁለት ጥያቄ ያስመልሰኝ ነበር። ይህ ነገር በየስንት ጊዜው ይለወጣል? ለጠያቂዎቹ ሁሉ አንድ ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ይለያያል? የኮሌጁ ስም አይለወጥም፤ ስለዚህ በራስጌው ፋይል እንዲሁ ተጽፎ ይቀመጥ። ማስታወቂያ በቀን አንዴ ሁለቴ ይለወጣል፤ ለሁሉም ግን አንድ ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ በሰዓቱ ራሱ ይነሣ፣ ማስታወቂያውን አንዴ አቀናብሮ በተራ ፋይል ያስቀምጥ፤ ገጾቹ የሚጠሩት ያለቀውን ፋይል እንጂ ስክሪፕቱን አይሁን። የተማሪ ውጤት ግን ለእያንዳንዱ ይለያያል፤ እዚያ ብቻ፣ በዚያ አንድ ገጽ ብቻ፣ ስክሪፕቱ በተጠየቀ ጊዜ ይሥራ። ሌላም ነበረው፤ ጥሪ ያለባቸውን ገጾች በፋይል ስማቸው መጨረሻ በሚጨምረው ምልክት ይለያቸዋል፤ ሰርቨሩ ጥሪ ፍለጋ ፋይሉን ሁሉ እንዳያነብ። እኔ ይህን ሥነ ሥርዓት ተማርኩ፤ ገጻችንም ፈጠነ። ከዚያ ተጋባን። ሰዎች «እንዴት ተዋወቃችሁ?» ሲሉን «በቀርፋፋ መስመር» ይላቸው ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልግባ።

አቶ ታደሰ ዲን ሆነው መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህንን ስጽፍ እጄ ቢያመነታም እውነት ነው። ሠራተኛ ሲታመም ይጠይቃሉ። ግን አዲስ አበባ አንድ ዓውደ ጥናት ተካፍለው ሲመለሱ የጎብኚ ቆጣሪ የሚባል ነገር አይተው መጡ። ገጹ በተከፈተ ቁጥር አንድ የሚጨምር ቁጥር ነው፤ «እንኳን ደህና መጡ፤ ይህን ያህልኛው ጎብኚያችን ነዎት» ይላል። በየገጹ አናት ላይ፣ ከፎቶግራፋቸው አጠገብ እንዲሆን ፈለጉ።

ሰይድ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ነገራቸው። «የጎብኚውን ብዛት ሰርቨሩ ራሱ መዝግቦ ያስቀምጠዋል። በየጠዋቱ ደምሬ በራስጌው ላይ እጽፍልዎታለሁ፤ ሰርቨሩን ምንም አያደክመውም።»

«የትናንቱን ቁጥር ምን አደርገዋለሁ? ሕያው ይሁን!» አሉ።

«ሕያው ከሆነ ስክሪፕት ነው። በራስጌ ላይ ከገባ ደግሞ በገጹ ሁሉ ገባ ማለት ነው። ውጤት በሚወጣ ቀን ይጥለናል።»

«አቶ ሰይድ፣ ማኪና የሚገዛው እንዲጭን ነው፤ ጋራዥ እንዲቆም አይደለም» አሉት። ስብሰባው ሳቀ። ሰይድም ሳቀ፤ ስብሰባ ላይ መሳቅ ይችልበታል። ግን ነገሩ አልተዋጠለትም።

ጥቂት ቆይተው መካነ ብርሃን ላኩት፤ የጃናሞራ ወረዳ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ተሰጥቶት ስለነበር እንዲተክልላቸው። እሱ በሄደ በሳምንቱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራተኛችንን ዳዊትን ጠርተው ቆጣሪውን አስገቡት። ዳዊት ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሚስቱ ያን ጊዜ መንታ ወልዳለች፤ ሥራውም ገና አልጸናም። «ጋሼ ሰይድ ይመለስ» አላቸው። «የማን ኮሌጅ ነው?» አሉት። አስገባ። የራስጌውን የይለፍ ቃልም አስለውጠው ለእሱ ብቻ ሰጡት። እኔ ቢሯቸው ገብቼ ተከራከርኩ። «ወይዘሮ ዘይነባ፣ ባልሽ ሲሄድ ምላሱን ላንቺ ትቶልሽ ነው?» ብለው አስወጡኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሌላ አገር የሚያምነኝ የለም። አቶ ታደሰ በየማለዳው ስብሰባ ቁጥሩን ማንበብ ጀመሩ። ሲያድግ ደስ ይላቸዋል። አለቃ ሲደሰት ደግሞ ሠራተኛ ያውቃል። ሁሉም ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ ገጹን ይከፍታል፤ ይዘጋል፤ ይከፍታል። የሒሳብ ክፍሉ ከሬጅስትራሩ ጋር ፉክክር ያዘ። «ዛሬ ስንት አደረስሽ?» ይባባላሉ። በመጨረሻ ራሳቸው «ሁላችሁም ጠዋት ጠዋት ክፈቱ» ብለው አዘዙ። ኮሌጁን የሚጎበኘው ኮሌጁ ራሱ ሆነ።

የመግቢያ ፈተና ውጤት የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ውጤቱ በገጹ ላይ ይወጣል፤ ያለፈ ተማሪ በዚያው ቀንና በማግስቱ መጥቶ ይመዘገባል። ያልመጣ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

ጠዋት ሁሉም ገጹን ከፈተ፤ ተማሪውም፣ ቤተሰቡም፣ ቁጥር ለማሳደግ የታዘዘው ሠራተኛችንም። ቆጣሪው ቁጥሩን የሚጽፈው በአንድ ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ ሲያስጽፍ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ውጤት የሚጠይቀው ይጠብቃል፤ የቤተ መጻሕፍቱን ሰዓት የሚፈልገውም ይጠብቃል፤ ሁሉም ገጽ ያንኑ ራስጌ ይጠራልና። ለፎቶግራፍ መቀየሪያ ያማረው የሰይድ ብልሃት አሁን አንዱን በሽታ በአንዴ ለገጹ ሁሉ አዳረሰው። ሰርቨሩ እየተንፏቀቀ ቆይቶ ጸጥ አለ። ሲነሣ ይወድቃል፤ ሲነሣ ይወድቃል።

ሰይድ ከመካነ ብርሃን ደወለ። ከርቀት የሚሰማ፣ የሚቆራረጥ ድምፅ ነው።

«ዘይኑ፣ ራስጌው ላይ ምን ጨመራችሁ?»

«ቆጣሪውን።»

«አውጡት። ጥሪዋን ብቻ ሰርዙ፤ ሌላ ምንም አትንኩ። እዚህ ልጆች ኮምፒውተሩን ከበው ቆመዋል» አለኝ።

ለዳዊት ነገርኩት። ዳዊት አቶ ታደሰ ጋ ሮጠ። እሳቸው ሰርቨሩ ክፍል ድረስ መጡና፣ «ዛሬ ነው እኮ ቁጥሩ የሚያድገው! ለበላይ የማቀርበው የዛሬውን ነው። ሌላ መፍትሔ ፈልጉ» አሉ። ሌላ መፍትሔ አልነበረም። ያን ቀን እንዲሁ መሸ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሬጅስትራሩ መጥቶ ሲጮህ ብቻ፣ ዳዊት ያቺን አንዲት መስመር አወጣ። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ዓይኔ እያየ፣ እንደ ድሮው ፈጥኖ ተከፈተ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው።

መካነ ብርሃን ላይ ከሰይድ አጠገብ ከቆሙት ልጆች አንዷ ጥሩወርቅ ትባላለች። ማለፏን ያየችው በዚያ ሰዓት ነው። አውቶቡስ የሚነሣው ግን ጠዋት ነው። አባቷ አያ ደሴ በግ ሸጠው ይዘዋት ተነሡ፤ ሰይድም ሥራውን ትቶ አብሯቸው መጣ። ሲደርሱ ምዝገባው ተዘግቷል። ሰይድ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ዲኑ ቢሮ አስገባቸው።

«አንድ ቀን ያራዝሙ» አለ። «ጥፋቱ የኛ ነው።»

«ቀን ማራዘም ማለት ችግር ነበረብን ብሎ ማወጅ ነው» አሉ አቶ ታደሰ። «ሌላው ተመዝግቧል እኮ።»

አያ ደሴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ምነው ጌታዬ፣ ማኪናው ታመመ አሉን። ማኪና ለታመመ ልጄ ምን አጠፋች?» አሉ።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ጫማዋን እያየች ቆማ ነበር፤ ለምዝገባው የተገዛ አዲስ ሸራ ጫማ። ያን ቀን እኛ ቤት አደሩ፤ ጠዋት ሰይድ መናኸሪያ ሸኛቸው። «ለከርሞ ትመጣለች» ይለኝ ነበር። ለከርሞ ተዳረች። ከጃናሞራ ሰው በመጣ ቁጥር ሰይድ ስለ እሷ ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር።

ከዚያ ግምገማ ተጠራ።

«ሰርቨሩ በማን ኃላፊነት ሥር ነው?» አሉ አቶ ታደሰ።

«በእኔ» አለ ሰይድ።

«በዕለቱ በቦታዎ ነበሩ?»

«እርስዎ ልከውኝ መካነ ብርሃን ነበርኩ።»

«ቢሆንም ኃላፊነቱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

ልናገር ስነሣ ሰይድ ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ። ዳዊት ጠረጴዛውን ያያል። ሰይድን ወደ ንብረት ክፍል አዛወሩት። ቤት ስንደርስ ሰሐን ወርውሬ ሰበርኩ፤ በትዳራችን ያንን ጊዜ ብቻ ነው ዕቃ የሰበርኩት።

«ለምን አልተናገርክም? ለምንስ እኔን ከለከልከኝ?»

«ያስገባው ማነው ሲባል እጁ የማን ሆኖ ሊገኝ ነው? የዳዊት። የሚባረር እሱ ነው፤ ሰውየው አይነካም። መንታዎቹን ማን ሊያሳድግለት ነው?»

«ስምህስ?»

«ስሜን የሚያውቅ ያውቀዋል።»

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ንብረት ክፍል ወንበርና መጥረጊያ ሲያስረክብ ኖረ። ብሩሹን እዚያም ይዞ ሄዷል፤ የሚራገፍ ሞልቶታል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ያ ሰውዬ እኮ ድሮ ሰርቨር ላይ ነበር፤ ውጤት በሚወጣ ቀን ጣለው» ተብሎ ይነገረዋል። እኔ ምሳ ቤት ተቀምጬ እሰማለሁ። «አይደለም» ብዬ ልነሣ ስል የሰይድ ፊት ይታየኛል። እተወዋለሁ። በዚህ ዓይነት የሥራ ዘመኔ የመጨረሻዎቹ ዓመታት አለፉ። አቶ ታደሰ አደጉና ሄዱ። በኋላ ኮሌጁ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ገጽ ገዛ፤ የኛን ገጾች ሁሉ ጣሉት። አዲሱ ራስጌ ላይ ሰባት ነገር ይሽከረከራል። ይከፈታል፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ለሚጠብቅ ይከፈታል።

ሰይድ ሲሞት የኮሌጁ ሰዎች ሁሉ ለቅሶ ደረሱ። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ እኔ ጋ ቤት ውስጥ ናቸው። በሦስተኛው ቀን አቶ ታደሰ መጡ። አርጅተዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። እኔን ሊያጽናኑኝ ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ጥሩ ሰው ነበር» አሉ። «ያ የሰርቨሩ ነገር ባይደርስበት ኖሮ ሌላ ቦታ በደረሰ ነበር።»

ሰይድ ቀሚሴን የሚይዝበት እጅ አሁን የለውም።

«አቶ ታደሰ» አልኳቸው፤ «ሰርቨሩን የጣለው ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

ምርኩዛቸውን አዟዟሩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ያኔውኑ አውቄያለሁ። ቆጣሪው ነው።»

«ያስገባውስ?»

«እኔ ነኝ ያስገባሁት። አውጡ ሲሉኝም እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ሰይድ እኮ ‹የእኔ ነው› አለ። ሲል እንዴት ልከልክለው?»

ብዙ ነገር አፌ ላይ መጣ። ያልኩት ግን፣ «እንግዲያው ድንኳን ገብተው ለወንዶቹ ይንገሩልኝ። ሌላ ማጽናኛ ከእርስዎ አልፈልግም» ነው።

እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ተነሡ። ተከትያቸው ወጥቼ ድንኳኑ በር ላይ ቆምኩ። የኮሌጁ ሰዎች በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ዳዊት መካከላቸው ነው፤ ሽበት ጀምሮታል። አቶ ታደሰ ቆመው፣ «ያን ጊዜ ሰርቨሩን የጣልኩት እኔ እንጂ ሰይድ አይደለም። ሰይድ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ይህንን እወቁልኝ» አሉ።

ማንም አልደነገጠም። ማንም «እንዴ!» አላለም። አንዱ መቁጠሪያውን ያንከባልላል፤ አንዱ ውኃ ቀዳ። ከዚያ ዳዊት ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣

«እትዬ ዘይነባ፣ ይህንን እኮ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ቀንም እናውቅ ነበር» አለኝ።

ዙሪያውን አየሁ። ራስ ይነቀነቃል፤ አዎን፣ እናውቃለን፣ እንዴት አናውቅም።

«እንግዲያው» አልኳቸው፣ «ምሳ ቤት የሚያወራው ማን ነበር?»

ሁሉም ወደ ምንጣፉ አየ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መልስ ጠበቅሁ። በመጨረሻ አንድ ሰው «ፋቲሓ እናድርግ» አለ፤ ሁሉም ለጸሎት እጃቸውን ዘረጉ።